ቢራቢሮዋን ማን ሰፋት? የአንዲት ትንሽ ከረባት ረጅም ታሪክ

«ከረባት» የሚለውን ቃል እስቲ ቀስ ብላችሁ በሉት። አሁን ደግሞ ክሮኤሺያውያን በራሳቸው ቋንቋ ራሳቸውን የሚጠሩበትን ስም በሉ፤ «ህርቫት»። ይመሳሰላሉ፣ አይደል? እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም። በሠርግና በምረቃ ቀን አንገት ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከአንድ ሕዝብ ስም ነው። «ከረባቴን አስተካክልልኝ» ባልን ቁጥር ሳናውቀው የክሮኤሺያን ወታደሮች እያነሳን ነው።

ነገሩ የጀመረው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ከ1618 እስከ 1648 መካከለኛውን አውሮፓ ያወደመ፣ በታሪክ «የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት» የሚባል ጦርነት ነበር (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የክሮኤሺያ ፈረሰኞች በዚህ ጦርነት ለተለያዩ ነገሥታት በደመወዝ ተዋግተዋል፤ ከአሠሪዎቻቸው አንዷ ፈረንሳይ ነበረች። ፈረሰኞቹ አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው ከፊት ያስሩት ነበር። ፈረንሳዮች ሻሹንም በሰዎቹ ስም «ክራቫት» አሉት። በጣሊያንኛ «ክራቫታ»፣ በእኛ አፍ ደግሞ «ከረባት» ሆኖ ቀረ። በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ጦር ውስጥ «ሮያል ክራቫት» የሚባል የፈረሰኛ ክፍል እስከ መኖር ደርሶ ነበር።

ክሮኤሺያ ውስጥ ሻሹን ያሰሩላቸው ወደ ጦርነት የሸኟቸው እጮኞቻቸው ናቸው እየተባለ ይተረካል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔ ግን እንደ ተረት ነው የምወስደው። ተረት ቢሆንም ግን ጥሩ ጥያቄ ያስነሳል። አንገት ላይ ያለውን ጨርቅ ማን አሰረው? ማን ሰፋው? ማን አጠበው? የልብስ ታሪክ ሲጻፍ እኮ ሁልጊዜ ስሙ የሚነሳው የለበሰው ሰው ነው፤ ንጉሡ፣ ልዑሉ፣ የፊልም ተዋናዩ። እስቲ ዛሬ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ እንያዘው። መንገዳችንም የከረባት ትንሿ ዘመድ፣ የአንገት ቢራቢሮዋ ትሁን።

ስለ ስሟ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ፈረንሳዮችም ሩሲያውያንም እንደ እኛ «ቢራቢሮ» ይሏታል፤ ፓፒዮን እና ባቦችካ። ስፔኖች «ፓሃሪታ»፣ ትንሿ ወፍ ይሏታል። ጀርመኖች ግን «ፍሊገ» ነው የሚሏት። ትርጉሙ ዝንብ ነው። ምን እንደታያቸው እንጃ።

ሰባት ሰዓት ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር

የወታደሩ ሻሽ ቤተ መንግሥት ሲገባ ተራ ጨርቅ ሆኖ አልቀረም። የሉዊ 14ኛ ባለሟሎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዳንቴል ነበር፤ ምርጡ ዳንቴል ደግሞ ከቬኒስ ነበር የሚመጣው። የፈረንሳይ ወርቅ ለዳንቴል ተብሎ ወደ ቬኒስ መፍሰሱ ያበሳጨው የንጉሡ የገንዘብ ሹም ዣን ባቲስት ኮልቤር በ1665 የፈረንሳይ የዳንቴል ሥራ በንጉሥ ጥበቃ ሥር እንዲቋቋም አደረገ። ከሥራው ማዕከሎች አንዷ አላንሶን የምትባል ከተማ ነበረች።

የአላንሶን ዳንቴል በመርፌና በክር ብቻ የሚሠራ ነው። ዛሬም እዚያች ከተማ ውስጥ ጥቂት ሴቶች ሙያውን ጠብቀው ይሠሩታል፤ በ2010 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል፤ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ዳንቴል ለመሥራት 7 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ማለት የትንሽ ጣታችሁን ጥፍር የምታክል ናት። እስቲ ደረት ላይ የሚወርድ፣ ርዝመቱም ስፋቱም 10 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ እናስብ። መቶ ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በዛሬዎቹ ሴቶች ፍጥነት 700 ሰዓት፤ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 70 ቀን። እና ይሄ አንድ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ባለሟሉ ወጥ ሊያፈስበት የሚችል።

በ1692 ስቴንከርክ በተባለ ቦታ በተደረገ ጦርነት የፈረንሳይ መኮንኖች ድንገት ተጠቁና ከረባታቸውን በደንብ ለማሰር ጊዜ አጡ፤ ጫፉን ጠምዘዝ አድርገው በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ አስገቡት ይባላል። ከድሉ በኋላ ይሄ የተዝረከረከ አስተሳሰር «ስቴንከርክ» ተብሎ ፋሽን ሆነ፤ ሴቶችም ጭምር አደረጉት። ሆን ብሎ ችላ ያለ ለመምሰል መድከም ማለት ከዛሬ ሦስት መቶ ዓመት በፊትም ነበር።

የአሽከሩ የልጅ ልጅ

ከመቶ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ዳንቴሉ ቀርቶ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የደረቀ ጨርቅ ነገሠ። ለዚህ ስሙ የሚነሳው በ1778 የተወለደው ጆርጅ ብራመል ነው፤ ሽቅርቅሩ ብራመል ይሉት ነበር። የሚገርመው ሰውየው መኳንንት አልነበረም። አያቱ አሽከር ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ግን የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ጓደኛ ሆነ፤ መሣሪያው ደግሞ አለባበሱ ብቻ ነበር።

የብራመል ዘዴ ስታርች ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልገናል። ስታርች ከድንች፣ ከስንዴ ወይም ከሩዝ የሚገኝ ነገር ነው። በሙቅ ውሃ ሲቀቀል እህሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎች ያብጡና ይፈነዳሉ፤ ውሃውም እንደ አጥሚት ይወፍራል። ጨርቅ በዚህ ሲነከር ስታርቹ እያንዳንዱን ክር ይለብሰዋል። ካውያ ሲያልፍበት ውሃው ይተንና ክሮቹን እርስ በርስ ያጣበቀ ስስ ሽፋን ይቀራል። ጨርቁ እንደ ወረቀት ይቆማል። ችግሩም እንደ ወረቀት መሆኑ ነው፤ አንዴ ያለ ቦታው ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም።

ስለዚህ ብራመል ሲያስር እጥፋቱ ካላማረው ጨርቁን ጥሎ አዲስ ያነሳል። በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ፤ አንድ እንግዳ ጠዋት ሊጠይቀው ሲመጣ አሽከሩ የተጨማደዱ ነጭ ጨርቆችን በክንዱ ታቅፎ ከፎቅ ሲወርድ ያየዋል። ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ አሽከሩ «ያልተሳኩልን ናቸው» አይነት መልስ ሰጠው ይባላል። ሰው ይሄን ሲሰማ ስለ ብራመል ይስቃል። እኔ ግን የሚታየኝ ክምሩ ነው። እያንዳንዱ ጨርቅ እንደገና ታጥቦ፣ ስታርች ተነክሮ፣ ተተኩሶ በማግስቱ ሊመለስ ነው። በማን እጅ? ብራመል ልብሱ ገጠር እንዲታጠብለት ይፈልግ እንደነበር እናውቃለን፤ የአጣቢዎቹን ስም ግን ማንም አልጻፈልንም።

የብራመል መጨረሻ አላማረም። በ1816 ከዕዳ ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በ1840 ካን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ውስጥ ሞተ። የአስተሳሰር ትምህርቱ ግን ቀጥሎ ነበር፤ በ1818 እና በ1828 ለንደን ውስጥ የአንገት ጨርቅ አስተሳሰርን በሥዕል የሚያስተምሩ መጻሕፍት ታትመዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ቀልድ ነው።

ኮሌታው ሲቆረጥ

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። በ1827 በኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ ሐና ሞንታግ የምትባል ሴት የባሏን ሸሚዞች ማጠብ ሰልችቷታል። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ የሚቆሽሸው ኮሌታው ብቻ ነው። ታዲያ መቀስ አነሳችና ኮሌታውን ቆረጠችው፤ ለብቻው አጠበችው፤ መልሳ የሚታሰርና የሚፈታ አደረገችው። በቃ። ተነቃይ ኮሌታ የተወለደው እንዲህ ነው ይላሉ። ከቤት ሥራ የተገኘ ፈጠራ ማለት ይሄ ነው።

ትሮይ ከዚያ በኋላ «የኮሌታ ከተማ» እስከ መባል ደረሰች። ለቢራቢሮዋም ይሄ ወሳኝ ነበር። ድሮ አንገት ላይ የሚጠመጠመው ረጅም ጨርቅ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ኮሌታውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ማስጌጥ። ኮሌታው ራሱ በስታርች ደርቆ ብቻውን መቆም ሲችል የመጀመሪያው ሥራ ቀረ። የቀረው ጌጡ ነው፤ ለጌጥ ደግሞ ትንሽ ጨርቅ ይበቃል። ያ ጠምጣማ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እያጠረ እያጠረ ሄዶ በአንድ በኩል ወደ ረጅሙ ከረባት፣ በሌላ በኩል ወደ ቢራቢሮዋ ተከፈለ።

ኮሌታዎቹን ግን ማጠብና መተኮስ የሚችል ባል አልነበረም መሰለኝ፤ የላውንድሪዎቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች። በፈላ ውሃ፣ በማንጫ ኬሚካልና በእንፋሎት መሃል፣ ከባድ የጋለ ካውያ እየገፉ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይሠሩ ነበር። የሳምንት ደመወዛቸው 3 ወይም 4 ዶላር ነው። ካውያው ትንሽ ቢቆይ ኮሌታው ይቃጠላል፤ ለተቃጠለው ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል።

ከነዚህ ሴቶች መካከል ኬት ሙላኒ ትባል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበራት። በየካቲት 1864 ከጓደኞቿ ጋር የኮሌታ ላውንድሪ ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመች፤ ወዲያውም 300 ያህል ሴቶች በ14 ላውንድሪዎች ሥራ አቆሙ። አንድ ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አሠሪዎቹ ደመወዙን በ25 በመቶ ጨመሩ። ማኅበሩ ከዚያ ለዓመታት ቆየ። በ1866 የብረት ቀላጮች ሲያድሙ ሴቶቹ ካጠራቀሙት 1,000 ዶላር ሰጥተዋቸዋል። በሳምንት 4 ዶላር ከሚያገኙ ሴቶች ኪስ የወጣ 1,000 ዶላር መሆኑን አስቡት።

ፍጻሜው ግን ድል አልነበረም። በ1869 እንደገና ሲያድሙ አሠሪዎቹ አንድ ላይ ሆነው ጠበቋቸው፤ በዚያ ላይ ተለብሶ የሚጣል የወረቀት ኮሌታ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር። የወረቀት ኮሌታ አይታጠብም፤ አጣቢ አያስፈልገውም። አድማው ከሸፈ፣ ማኅበሩም ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ቴክኖሎጂ ሥራን ያቀላል እንላለን፤ እውነት ነው። ሠራተኛው ሲጠይቅ ደግሞ መልሱ አንዳንዴ ቴክኖሎጂ ሆኖ ይመጣል። የኬት ሙላኒ ቤት ዛሬ በአሜሪካ መንግሥት የተጠበቀ ታሪካዊ ቦታ ነው።

እንግዳው ማን ነው፣ አስተናጋጁ ማን ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቢራቢሮዋ የማታ ልብስ ሆነች። ረጅም ጭራ ካለው ኮት ጋር ነጭ ቢራቢሮ፣ አጭሩ የእራት ኮት ሲመጣ ደግሞ ጥቁር። አጭሩ ኮት በአሜሪካ «ታክሲዶ» የተባለው በ1886 ከተከፈተው የታክሲዶ ፓርክ ክለብ ስም ነው። ይሄን ሁሉም ስለሚጽፈው ብዙ አልቆይበትም።

እኔን የሚያስደስተኝ ሌላ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ወንድ ቢራቢሮ አድርጓል፤ እንግዳውም አስተናጋጁም። ታዲያ ጌታውን ከአሽከሩ በምን ትለያላችሁ? በቀለም። እንግዳው ነጭ ቢራቢሮ ሲያደርግ፣ ጭራ ያለው ኮት የለበሰው የአስተናጋጆች አለቃ ጥቁር ያደርግ ነበር። በአሥር ሴንቲሜትር ጨርቅ ላይ የተሠመረ ድንበር ማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፋብሪካ አስቀድሞ የታሰረ፣ በላስቲክ ወይም በመያዣ የሚንጠለጠል ቢራቢሮ በብዛት አወጣ። በሆቴልና በባቡር ለሚሠራ ሰው ተስማሚ ነው፤ ርካሽ፣ ፈጣን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ግን እንዲህ ያለውን ቢራቢሮ ያደረገው ሰው አልመረጠውም። የታደለው ነው።

በአሜሪካ ብዙ ጥቁሮች ቢራቢሮን ለረጅም ጊዜ የሚያውቋት በዚህ መልኩ፣ እንደ አስተናጋጅ ዩኒፎርም ነበር። በኋላ ግን የ«ኔሽን ኦፍ ኢስላም» ወንዶች ያችኑ ቢራቢሮ አንስተው የሥርዓትና የራስ ክብር ምልክት አደረጓት። ጨርቁ ያው ነው። የተለወጠው «ማን መረጠው?» የሚለው መልስ ነው።

የሜምፊሱ ልጅና አያቱ

አሁን ወደ ሜምፊስ፣ ቴነሲ እንሂድ። ሞዛያ ብሪጅስ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ዓመቱ 2011። አምሮ መልበስ ይወዳል፤ ግን በገበያ ያሉት የልጆች ቢራቢሮዎች አላማሩትም። አያቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በእጅና በስፌት መኪና መስፋት አስተማሩት፤ ያጠራቀሙትንም የድሮ ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጡለት። ሥራው የተጀመረው አያቱ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። «ሞስ ቦውስ» ብሎ ሰየመው፤ የሞዛያ ቢራቢሮዎች እንደማለት።

በ2013፣ 11 ዓመቱ ሳለ፣ እናቱን ይዞ «ሻርክ ታንክ» በሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ለድርጅቱ 20 በመቶ ድርሻ 50,000 ዶላር ጠየቀ። ከባለሀብቶቹ አንዱ ዴይመንድ ጆን ያልተጠበቀ ምክር ሰጠው፤ ገንዘብ አትቀበል፣ እኔ በነጻ አማክርሃለሁ አለው። ዴይመንድ ጆን ራሱ ታዋቂውን «ፉቡ» የተባለ የልብስ ድርጅት የጀመረው ኒው ዮርክ ውስጥ በእናቱ ቤት ኮፍያ እየሰፋ ነው፤ መስፋት ያስተማሩት እናቱ ናቸው፤ ቤታቸውን አስይዘው የተበደሩለትም እሳቸው። ያን ልጅ ከአያቱ ቁርጥራጭ ጋር ሲያየው ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። በ2017 ሞስ ቦውስ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድኖችን ምልክት የያዙ ቢራቢሮዎች ለመሥራት ፈቃድ አገኘ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊዋ አልተደበቀችም። እንዲያውም ሰው ቢራቢሮዋን የገዛው አያትየው ስላሉበት ነው። የላንሶን ሴቶች፣ የብራመል አጣቢዎች ያላገኙት ይሄንን ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይሠራል?

በልክ የሚሰፋ ቢራቢሮ ከሩቅ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ አንገት በሜትር ይለካል። ከዚያ ወረቀት ላይ ንድፍ ይወጣል፤ ጫፉ ሰፊ፣ ከዚያ ወገቡ የሚቀጥን፣ እንደገና የሚሰፋ፣ በመጨረሻ ወደ ቀጭኑ የአንገት ክፍል የሚገባ ቅርጽ። ጨርቁ ሲታጠፍ ሰፊዎቹ ቦታዎች ክንፍ፣ ቀጭኑ ወገብ ደግሞ ቋጠሮ ይሆናሉ። ፊቱ ሰፋ ላለ ሰው ሰፋ ያለ ክንፍ፣ ቀጠን ላለ ሰው ጠበብ ያለ። ከሱቅ የሚገዛው አንድ ወጥ መጠን ይሄንን አያውቅም።

ዋናው ጥያቄ ጨርቁ በየት አቅጣጫ ይቆረጥ የሚለው ነው። ድርና ማግ ታውቃላችሁ፤ አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብትስቡት ጨርቅ ብዙም አይለጠጥም፤ ክሩን ራሱን ነው የምትስቡት። በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ብትስቡት ግን ድርና ማጉ የሠሯቸው ጥቃቅን ካሬዎች ይጋደማሉ፤ ጨርቁም ላስቲክ የሆነ ያህል ይለጠጣል። ነጠላችሁን ወይም መሐረባችሁን ይዛችሁ ሞክሩት። ረጅሙ ከረባት በሰያፍ የሚቆረጠው ለዚህ ነው፤ ተጠምዝዞ ተፈቶ ወደ ቅርጹ እንዲመለስ። ቢራቢሮ ግን ክንፏ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ሰፊው በልስላሴና በጥንካሬ መሃል ይመርጣል። አንዳንዱ በቀጥታ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ በሰያፍ ቆርጦ መሃል ላይ ጠንከር ያለ ጨርቅ ያስገባል።

ከዚያ ጨርቁ ፊት ለፊት ተደርጎ በግልባጩ ይሰፋል፤ መሃል ላይ የጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። ማዕዘኖቹ አካባቢ ትርፉ ጨርቅ በመቀስ ካልተቀነሰ ይጎረብጣል። ቀጥሎ በዚያች ቀዳዳ ሁሉም ነገር በቀጭን እንጨት ይገለበጣል። ትዕግሥት የሚፈትነው ይሄ ነው። የጨርቁ ውፍረት ራሱ በመታጠፊያው ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚበላ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል እንዲወጡ ሰፊዋ ገና ስትቆርጥ ይሄንን ማሰብ አለባት። መጨረሻ ላይ ቀዳዳው ዓይን በማያየው የእጅ ስፌት ይዘጋል፤ ካውያም ያልፍበታል።

የጫማችሁ ቋጠሮ

ብዙ ሰው ቢራቢሮ ማሰር የሚያስፈራው በከንቱ ነው። ቋጠሮው እኮ የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው! ልዩነቱ ራሳችሁን ጫማ አድርጋችሁ በመስታወት ውስጥ ማሰራችሁ ብቻ ነው።

አሁን ጫማችሁን ተመልከቱ። የቋጠሮው ሁለት ጆሮዎች ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል ወይስ ወደ ጣታችሁና ወደ ቁርጭምጭሚታችሁ ዞረዋል? ከዞሩ የመጀመሪያውን መጠላለፍና ሁለተኛውን በአንድ አቅጣጫ አድርጋችኋቸዋል ማለት ነው። ያ ደካማው ቋጠሮ ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በተቃራኒ ብታደርጉት ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። በ2017 በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ያሉ መሐንዲሶች የጫማ ማሰሪያ ለምን እንደሚፈታ በፈጣን ካሜራ አጥንተው ነበር። እግር መሬት ሲመታ ቋጠሮው ይላላል፤ የሚወዛወዙት ጫፎች ደግሞ ይስቡታል፤ ከዚያ በሁለት እርምጃ ውስጥ ሊፈታ ይችላል። ደካማው ቋጠሮ ከጠንካራው በጣም ቶሎ ተፈቷል። አንገት መሬት ስለማይመታ ቢራቢሮ እንዲህ አይፈታም፤ በደካማው ካሰራችሁት ግን ክንፎቹ ወደ አገጭና ወደ ደረት ይዞራሉ። መፍትሔው እንደ ጫማው ነው።

በእጅ የታሰረች ቢራቢሮ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆና አታውቅም። ትንሽ ታዘነብላለች፣ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጣል። ፋብሪካ ያሰራትን ከሷ ለመለየት ይሄንን ማየት ይበቃል። የሚወዷትም ለዚህች መዛባቷ ነው።

ቢራቢሮን የሚመርጡ ሐኪሞችም አሉ፤ በተለይ የሕፃናት ሐኪሞች። ሕፃን ረጅም ከረባት ካገኘ ይጎትታል፣ ይቀምሳል። ቀልድ ብቻ አይደለም፤ በ2004 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል 42 የሕክምና ባለሙያዎች ከረባት ሲመረመር በ20ዎቹ ላይ በሽታ ሊያመጡ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ከ10 የጥበቃ ሠራተኞች ከረባት ግን በአንዱ ብቻ። ረጅም ከረባት በሽተኛው ላይ ሐኪሙ ሲያጎነብስ ይንጠለጠላል፤ ደግሞም ማን ከረባት አዘውትሮ ያጥባል? ቢራቢሮ ቢያንስ አትንጠለጠልም። መታጠቧ ግን ለሷም አይቀርላትም።

ጥለቱ የት ይውደቅ?

በቅርብ ጊዜ በሠርጎቻችን ላይ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ጋር የሚመሳሰል ጥለት ያለው ከረባትና ቢራቢሮ ያደረጉ ሙሽሮችና ሚዜዎች ማየት ተለምዷል። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም። እዚህ ላይ ለልብስ ሰፊው አዲስ ፈተና ይመጣል።

በጥበብ ጨርቅ ጫፍ ላይ ያለው ጥለት የሚሠራው ሸማኔው ባለቀለሙን ክር በማጉ አቅጣጫ እያስገባ ስለሆነ፣ ጥለቱ በጨርቁ ስፋት ልክ በአግድም ይሄዳል። ቢራቢሮዋን በማጉ አቅጣጫ ከቆረጣችኋት ጥለቱ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው በቁመቷ ይጋልባል፤ ግን መሃል ላይ ቋጠሮው ይውጠዋል። በድሩ አቅጣጫ ከቆረጣችኋት ጥለቱ ክንፎቿን ያቋርጣል፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱ ክንፎች ላይ እኩል ቦታ እንዲወድቅ ሁለት የጥለት ጫፍ ያስፈልጋል። በሰያፍ ብትቆርጧት ጥለቱ ራሱ ይንጋደዳል። በዚህ ላይ በእጅ የተፈተለ ማግ ወፈር፣ ላላ ያለ ነው፤ ያች በግልባጭ የመገልበጥ ሥራ ላይ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል።

ስለዚህ ጥሩ የጥለት ቢራቢሮ የሚጀምረው ከመቀሱ አይደለም። ከሸማው ጉድጓድ ነው፤ ሸማኔው ጥለቱን ከማስገባቱ በፊት ክንፉ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነና ቋጠሮው የት እንደሚያርፍ ሊነገረው ይገባል። የሚቀጥለው ሠርግ ላይ እንዲህ ያለች ቢራቢሮ ካያችሁ ሚዜውን ጠጋ ብላችሁ ማን እንደሸመናትና ማን እንደሰፋት ጠይቁት። አንዳንዱ ስማቸውን ያውቃል።